የአርብ እጣቢ

አምስት ደቂቃው አለቀ፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የወንዝ ውሃ ግን እንደነበረ ነው።

መምህርት አይናዲስ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት። ወዘወዙት፤ ደግመው አዩት። የጨመሩበት ዱቄት ውሃው ውስጥ ክሮሚየም የሚባለውን መርዝ ካገኘ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ መለወጥ ነበረበት። አልተለወጠም። የሳይንስ ክበቡ ልጆች ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ከእሪ በከንቱ ድልድይ ሥር ውሃ ቀድተው አምጥተዋል፤ ሦስቱንም ቅዳሜ ውጤቱ ይኸው ነው። በመመርመሪያው ሳጥን ውስጥ የቀረው አንድ ከረጢት ዱቄት ብቻ ነበር።

«በቃ፣ ንጹህ ነው» አለች ማክዳ። ደስታዋን መደበቅ አልሆነላትም። «እኔ መጀመሪያም ብዬ ነበር።»

«ሽታው ሌላ ይላል፣ ዱቄቱ ሌላ ይላል» አሉ መምህርቷ ግንባራቸውን ቋጥረው። የመጨረሻዋን ከረጢት ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚያቆዩና ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ እንደሚጻፍ ተናገሩ። ከዚያም ወደ ተስኒም ዞረው የዛሬውን እንድትመዘግብ አዘዟት።

ተስኒም የክበቡ ጸሐፊ ናት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ የእጅ ጽሑፏ የሚያምር፣ በዚሁ ጦስ ጸሐፊነቱ የወደቀባት። ደብተሩ ላይ «ቀለም፦ የለም» ብላ ጻፈች። ስትጽፍ ቀና አላለችም፤ ቀና ብትል ማክዳ ፊቷን የምታነበው መሰላት። ውሃው ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን ቀለም እንደማይቀይር ታውቃለች። የሚቀይርበትን ቀንም ታውቃለች።

ነገሩ የተጀመረው ከማክዳ እግር ነው። የማክዳ እናት ወይዘሮ ምብራት ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ጠባብ መሬት ላይ ቆስጣና ሰላጣ ያለማሉ። አትክልት ተራው ከተነሳ በኋላ ስሙ ብቻ በቀረበት ሰፈር መንገድ ዳር ዘርግተው ይሸጣሉ። ውሃ የምትቀዳላቸው ማክዳ ናት። አምና ክረምት ሊገባ ሲል የማክዳ ቅልጥም ላይ የሽንብራ ፍሬ የሚያህሉ ክብ ቁስሎች ወጡ፤ ጠርዛቸው ያበጠ፣ መሃላቸው የጎደጎደ፣ ቅባትም ጠበልም ያልበገራቸው። ሐኪሟ ምን ውስጥ እንደምትቆም ጠየቀቻት። ወይዘሮ ምብራት ያን ቀን ጀሪካናቸውን ሰቀሉ፣ መሬቱም ጦም አደረ። ቁስሉ ከወራት በኋላ ዳነ። ጠባሳው ግን ስላልጠፋ ማክዳ በሙቀትም በብርድም እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ካልሲ ታደርጋለች። መምህርት አይናዲስ የመመርመሪያውን ሳጥን ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምር ጓደኛቸው ለምነው ያመጡት ይህን ከሰሙ በኋላ ነው።

ውሃው መቼ ይቀዳ ሲባል መምህርቷ አርብን ነበር ያሰቡት። አርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል የምሳ እረፍቱ ረዘም ስለሚል ለሁሉም ይመቻል። እንቢ ያለችው ማክዳ ናት። «ቲቸር፣ አርብማ ተስኒም ጁምዓ አለባት። ያለሷ አንሄድም» አለች። መምህርቷ አፈሩ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ቅዳሜ ተባለ። ማክዳ ለጓደኛዋ ተቆርቁራ ነው። እነሱ ሰፈር ልጆቹ እንዲህ ናቸው፤ ተስኒም የማክዳን ሁዳዴ ታከብራለች፣ ማክዳ የተስኒምን ረመዳን።

ተስኒም ግን አርብ መስጊድ አትሄድም። አርብ የምትሄደው ወደ አባቷ ወርክሾፕ ነው። ይህን መናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አልተናገረችም። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አሳመነች። እንዲህ ያለ ማሳመኛ ደግሞ ሲፈለግ አይጠፋም።

አባቷ የሲን በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ ፒያሳ ላይ ሙያ የተማረ ሰው ነው። ሙያው ብረት ማብለጭለጭ ነው። የተላጠ የቧንቧ ራስ፣ የዛገ የወንበር እግር፣ የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን መስቀል ክሮሚየም ባለበት ክሮም ውስጥ ነክሮ መስታወት አስመስሎ ያወጣዋል። እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ቤት ሦስት ገንዳዎች አሉት። በአንደኛው ዕቃው ይታጠባል፣ በሁለተኛው ክሮሙ አለ፣ በሦስተኛው ከክሮሙ የወጣው ዕቃ ይለቀለቃል። ክሮሙ ውድ ስለሆነ አይደፋም። የሚደፋው የሦስተኛው ገንዳ እጣቢ ነው።

እሱም በሳምንት አንድ ቀን ነው። የሲን ቆሻሻ ቤት ትቶ ጁምዓ መስገድ አይወድም። አርብ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለቱን ሠራተኞቹን ሙስዓብንና ሱፊያንን ሥራ ያስቆማቸዋል፣ ወለሉን ያስጠርጋል፣ የመለቅለቂያውን ገንዳ ውታፍ ይነቅላል። ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመው ብርቱካንማ እጣቢ በሩ ሥር ባለው ቦይ አድርጎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ተስኒም የተተኮሰ ነጭ ጀለቢያውን ይዛ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አርብ ማለት ለእሷ የሳሙና ሽታ፣ ነጭ ልብስና ብርቱካንማ ውሃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ያን ሁሉ ወስዶ ጨርሷል።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ማክዳ እየሮጠች መጣች። እናቷ መሬቱን እንደቆፈሩት፣ ሦስቴ ተመርምሮ ንጹህ ከሆነ ምን እንጠብቃለን ብለው ሰኞ ችግኝ እንዳወረዱ ትንፋሽ ሳትወስድ ነገረቻት። ከነገ ወዲያ ደግሞ ውሃ መቅዳት ትጀምራለች።

«ከነገ ወዲያ እኮ አርብ ነው» አለች ተስኒም።

«ረጅሙ እረፍት አይደል? ለዛ ነዋ። አንቺ ወደ ጁምዓሽ፣ እኔ ወደ ጀሪካኔ።» ማክዳ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ምነው ጀለስ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ተስኒም አራተኛው ምርመራ እስኪወጣ ብትታገሱ ምን አለበት አለች። ድምፅዋ ለራሷም ልመና መሰላት።

«አቦ ፋራ አትሁኚ» አለች ማክዳ እየሳቀች። «ራስሽ አይደለሽ እንዴ ‹የለም› ብለሽ የጻፍሽው?»

ቀኑን ሙሉ ሒሳቡም እንግሊዝኛውም በተስኒም አንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ። እስከ ረቡዕ ድረስ ዝምታዋ ማንንም አልጎዳም ብላ ነበር፤ አሁን ዝምታው ችግኝ ተተክሎበታል።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። ሠራተኞቹ ወጥተዋል። አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጁን ቫዝሊን ይቀባል። ጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ቀዳዳ የመሰሉ ትንንሽ ክብ ቁስሎች አሉ፤ አንዱ ሲድን ሌላው ይወጣል። ተስኒም እነዚያን ቁስሎች ዕድሜዋን ሙሉ አይታቸዋለች፤ የሥራ እጅ እንዲህ ነው ብላ ነው ያደገችው። ዛሬ ግን የማክዳ ቅልጥም ላይ ያየቻቸው እነዚሁ መሆናቸውን አወቀች፤ ክብነታቸውም፣ ጠርዛቸውም ያው ነው።

ስለ ክበቡ፣ ስለ ዱቄቱ፣ መርዝ ካለ ውሃው ወይን ጠጅ ስለመሆኑ ነገረችው። ስለ ማክዳ እግርም ነገረችው። እሱ ሳያቋርጥ አዳመጣት። የማክዳን እግር ስትጠቅስ እጁን ሽርጡ ሥር አስገባ።

«እጣቢ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ። «ክሮሙማ ገንዳው ውስጥ ነው ያለው። ይሄ ውሃ ነው፤ ወንዙ ይወስደዋል።»

«ወዴት ነው የሚወስደው፣ አባ?»

የሲን ተቆጣ። «እሺ የት ልድፋው?» አለ። «አስተማሪሽ የት ድፋው ትላለች? ከዚህች ገንዳ የሦስት ቤት ሰው ነው የሚበላው።»

ለነገ ብቻ እንዲያቆየው ለመነችው። ገንዳው ሞልቷል፣ ቅዳሜ የሚረከቡት ደንበኞች አሉ፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ አላት። ወደ ቤት ዳገቱን ጎን ለጎን ወጡ።

አርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተስኒም እንደ ወትሮው ጀለቢያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ቦርሳዋ ውስጥ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አለ። ምናልባት ዛሬ ይተወዋል ብላ እስከ መጨረሻው ተስፋ አድርጋ ነበር። አባቷ ግን ውታፉን ነቀለው። ጀለቢያውን ሳያያት ተቀበላት፤ ሁልጊዜ የሚመርቃትንም ምርቃት ረሳው። እሷም ወደ ወንዙ ወረደች።

ቦዩ ከወንዙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ድልድዩ ሥር፣ ሻይ የመሰለ ውሃ ይወርዳል። ወዲያው ከድፍርሱ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል፤ አሥር እርምጃ ዝቅ ብሎ የሚያየው ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ተስኒም እግሯን ድንጋይ ላይ አደላደለች፣ ጠርሙሱን ከፈተች፣ ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደች።

«በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው።»

ድምፁ ከላይ ነው። አባቷ በነጭ ጀለቢያው ድልድዩ ላይ ቆሟል። መስጊዱ ማዶ ስለሆነ በየሳምንቱ በዚህ ነው የሚያልፈው፤ እንዴት እንደረሳችው አታውቅም። ወርዶ ጠርሙሱን ሊቀማት ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ኪሱን ዳበሰ፣ መስጊድ ሲገባ ጫማውን የሚይዝበትን ፌስታል አወጣ፣ ቋጥሮ ቁልቁል ወረወረላት።

«እጅሽን አግቢበት» አለ። «ከነካሽ ቶሎ ታጠቢ። በዚህ ውሃ አይደለም።»

ከዚያ ሄደ። አዛን ተጀምሮ ነበር።

ተስኒም ፌስታሉን ይዛ ደርቃ ቀረች። ትናንት እጣቢ ነው ብሏት ነበር፤ ውሃ ነው ብሏት ነበር። ያውቃል ማለት ነው። ሲያውቅ ነው የኖረው። ለልጁ እጅ የሳሳ ሰው ለማክዳ እግር አልሳሳም። አባቷን የዚያን ያህል የጠላችበት ጊዜ አልነበረም፤ የዚያን ያህል ያሳዘናትም ጊዜ አልነበረም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማራትም። እጇን ፌስታሉ ውስጥ አስገብታ ጠርሙሱን ሞላች፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ የወንዙን ዳር ይዛ ሮጠች።

ማክዳ ካልሲዋን አውልቃ፣ ጉርዷን ጉልበቷ ላይ ቋጥራ ውሃው ውስጥ ቆማለች። ጀሪካኑ ግማሽ ደርሷል። ወይዘሮ ምብራት ራቅ ብለው ጎንበስ እንዳሉ ችግኙን ያስተካክላሉ።

«ውጪ» አለች ተስኒም ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ። «ማክዳ፣ ከውሃው ውጪ።»

ማክዳ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፌስታል የገባውን እጅና ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የውሃ ቀለም አየች። ወጣች።

ተስኒም ሁሉንም ነገረቻት፤ ገንዳውን፣ ውታፉን፣ አርብን። ማክዳ ቅልጥሟን በካልሲዋ ደጋግማ እየጠረገች ሰማቻት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች።

«ዛሬ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ማክዳ ታምናት ነበር፤ ማንም ሊያጣራው አይችልም፤ ነገም አብረው ይቀመጡ ነበር።

«መጀመሪያውኑ» አለች ተስኒም። «‹ጁምዓ አለባት› ያልሽ ቀን።»

ማክዳ እርጥብ ካልሲዋን ሳትቸኩል ሳበችው፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጀሪካኑን ከችግኙ አርቃ መንገዱ ላይ ደፋችው። «እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው ያልኩት» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር። ከዚያ ወደ እናቷ ሄደች። ተስኒም የሚነጋገሩትን አልሰማችም፤ ወይዘሮ ምብራት ቀና ብለው ወደ እሷ ሲያዩ፣ ከዚያም ቁፋሮው ላይ ሲቀመጡ ግን አይታለች።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ መምህርት አይናዲስ የመጨረሻዋን ከረጢት ቀደዱ። አምስት ደቂቃ መጠበቅ አላስፈለገም። ውሃው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከዚያም እየጠቆረ ሄደ። ማክዳ ኋላ ወንበር ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ አየችው፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

መምህርቷ ከየት እንደተቀዳ ጠየቁ። ተስኒም ነገረቻቸው። የየሲንን ወርክሾፕ ያውቁታል፤ ሰፈራቸው ነው። ተነስተው በሩን ዘጉት።

«ተስኒም፣ ‹ምንጩ ገና አልታወቀም› ብለን መጻፍ እንችላለን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛ የመረመርነው ውሃውን ነው። ምንጩን የሚመለከተው አካል ይፈልገው።»

ከልባቸው አዝነውላት ነው የተናገሩት። ተስኒም ይህን ደግነት ታውቀዋለች፤ ቅዳሜን የመረጠው ይኸው ደግነት ነው። የሚመለከተው አካል እስኪፈልግ ስንት አርብ እንደሚያልፍ አሰበች። በሩ ሲታሸግ ሙስዓብና ሱፊያን የት እንደሚገቡ፣ እናቷ ምን እንደምትል፣ አባቷ በዚያ ዕድሜው ሌላ ምን ሙያ እንደሚጀምርም አሰበች።

«ምንጩ ይታወቃል፣ ቲቸር» አለች።

ደብተሩን ገልጣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፈች። የአባቷን ስም ከነአያቱ ጻፈች። ከዚያ ወደ ኋላ ገለጠችና በሦስቱም ገጽ ላይ «የለም» ከሚለው ቃል ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ «የተቀዳው ቅዳሜ ነው። መርዙ የሚለቀቀው አርብ መሆኑን ጸሐፊዋ ታውቅ ነበር።» መምህርቷ አነበቡት፤ እንድትሰርዘውም አልነገሯትም።

ወርክሾፑ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሠራተኞቹ የሉም። አባቷ ጀለቢያውን አልቀየረም፤ ከሶላት እንደተመለሰ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛው ገንዳ ባዶውን ነው፤ ውሃ አልተሞላበትም።

«ተቀየረ?» አለ።

«ተቀየረ።»

«ስሜን ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

የሲን ራሱን ነቀነቀ። የተላጠ የቧንቧ ራስ ከወለሉ አንስቶ በእጁ ያገላብጠው ጀመር። «ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቢሮ ሄጄ ጠይቄ ነበር» አለ ሳያያት። «ይሄን የት ልድፋው አልኳቸው። ማን ጠየቀህ አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ታውቂያለሽ? ማንም ካልጠየቀኝ ምን አገባኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።»

ተስኒም እጁን አየች።

«ለእናትሽ እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አለ። «አንቺ ሂጂ ግቢ።»

ተስኒም አልሄደችም። ቦርሳዋን አውርዳ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እሱም ሁለተኛ ሂጂ አላላትም፤ ነይም አላላትም። ዳገቱን ከጎኑ እንድትሄድ ባይፈልግ ከኋላው ትሄዳለች። ተነስቶ በሩን እስኪቆልፍ ልትጠብቀው ወስናለች።